ቁመት ለክቶ ልጅ የማይመልስ የኳስ ስልጠና፣ ከዚራ

ድሬዳዋ ውስጥ ልጃችሁን ኳስ ስልጠና ለማስገባት አስባችሁ የት እንደምትወስዱት ግራ ለገባችሁ ነው ይህን የምጽፈው። ከዚራ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ በአንድ የድሮ ግቢ ሜዳ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚሰጥ የታዳጊዎች ስልጠና አለ። ታፔላ የለውም፤ ወላጅ ለወላጅ እየተነጋገረ ነው የሚታወቀው። የእህቴ ልጅ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ እዚያ ይሠለጥናል። እኔ ሳቢያን በሚገኝ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ስለሆንኩ ሜዳ ዳር ስቆም ከጎሉ ይልቅ አሰልጣኙ ማንን እንደሚያጫውት፣ ማንን እንደሚያስቀምጥና ለምን እንደሆነ ነው የማየው። በዚያ በኩል ስመዝነው፣ ከተማችን ውስጥ ካየኋቸው ስልጠናዎች ሁሉ የማስቀድመው ይህን ነው። ጉድለትም አለው፣ እሱንም እጽፋለሁ።

ያስቀደምኩበት ምክንያት አንድ ነው። አሰልጣኙ ልጆቹን ይለካል፣ በቁመታቸው ግን አይመርጣቸውም።

ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ሰው ምልመላ ቦታ ቆሞ አላየም ማለት ነው። ከዚህ በፊት ልጁን የወሰድነው ሌላ ቦታ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ግድግዳው ላይ በቀለም መስመር ተሰምሯል። ልጆቹ ተሰልፈው አንድ በአንድ ግድግዳውን ተደግፈው ይቆማሉ፤ መስመሩን ያለፈ ወደ ሜዳ ይገባል፣ ያላለፈ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እስከዚያ ድረስ ኳስ የነካ ልጅ አልነበረም። የእህቴ ልጅ ታኬታውን ከፌስታሉ እንኳ ሳያወጣ ተመለሰ። እህቴ "ምን ጎደለው?" ብላ ስትጠይቅ "ዘንድሮ ቁመና ያለው ነው የምንፈልገው፣ ለከርሞ ይምጣ" አሏት። ልጁ 13 ዓመቱ ነው። በግራ እግሩ የሚያሻግራትን ኳስ ደቻቱ አሸዋ ላይ ሲጫወት ያየ ሁሉ ያውቃታል።

በ13 ዓመት የተለካ ቁመት በዋናነት የሚናገረው ልጁ ማደግ መቼ እንደጀመረ ነው። ወንድ ልጅ በፍጥነት የሚመዘዝበት ጊዜ በአማካይ 14 ዓመት አካባቢ ነው፤ አንዱ ግን 12 ላይ ይጀምረዋል፣ ሌላው እስከ 16 ይቆያል። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ 9 እና 10 ሴንቲ ሜትር መጨመር የተለመደ ነው። በአንድ ወር የተወለዱ ሁለት የክፍል ጓደኛሞች ጎን ለጎን ቆመው አንዱ የሌላው ትከሻ ላይ ቢደርስ አይግረማችሁ፤ 18 ሲሞላቸው እኩል ሊሆኑ ይችላሉ፣ አጭር የነበረው ሊያልፍም ይችላል። እስከዚያው ግን ቀድሞ የተመዘዘው ልጅ በሩጫም፣ በጉልበትም፣ በቴስታም የበላይ ነው። የዘንድሮን ዋንጫ የሚፈልግ አሰልጣኝ እሱን ያሰልፋል፣ ያሸንፋልም።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን በትምህርት ቤቶች ውድድር ስመለከት ኖሬያለሁ። በ13 ዓመቱ ማንም የማያስቆመው ተከላካይ 16 ላይ እኩዮቹ ሲደርሱበት ኳስ መቆጣጠር ያቅተዋል፤ እስከዚያ ድረስ መቆጣጠር አስፈልጎት አያውቅማ። ገፍቶ ይቀማ፣ ጠልዞ ይገላገል ነበር። "አንበሳ" እያሉ ሲያጨበጭቡለት ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረውም። በቁመት የሚደረግ ምልመላ አጭሩን ልጅ ከበር ይመልሰዋል፣ ረጅሙን ደግሞ ውስጥ አስገብቶ ያበላሸዋል። ሁለቱም የኛው ልጆች ናቸው።

ወደ ከዚራው ሜዳ ልመለስ። ልኬቱ የሚካሄደው ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። የዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ግድግዳ ላይ የአናጺ ሜትር በፕላስተር ተለጥፏል። ልጁ በባዶ እግሩ ተረከዙን፣ መቀመጫውንና ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስነክቶ ቀጥ ይላል። አሰልጣኙ ጠፍጣፋ እንጨት አናቱ ላይ ያሳርፋል፤ ፀጉር ያሳደገ ከሆነ ጫን ያደርገዋል፤ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ሳያነብ በደብተር ይጽፋል። ጮክ ብሎ አለማንበቡን ልብ በሉልኝ። ከዚያ ልጁን አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀምጠውና ከመቀመጫው እስከ አናቱ ድረስ ደግሞ ይለካዋል።

"ኮች፣ ይሄ የመቀመጡ ለምንድን ነው?" አልኩት።

"ቲቸር፣ እግር ነው ቀድሞ የሚሄደው። መጀመሪያ ጫማ ጠበበኝ ይሉኛል፣ ቀጥሎ ሱሪ ያጥራቸዋል። ወገብና ደረት በመጨረሻ ነው የሚደርሱት። የቱ ጋ እንዳሉ የማውቀው በዚህ ነው።"

ትክክል ነው። መዳፍና እግር፣ ከዚያ ቅልጥም፣ ከዚያ ላይኛው አካል፤ የዕድገት ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ይህን የሚያውቅ አሰልጣኝ በወር 700 ብር ሜዳ ላይ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

ወላጆችንም ይለካል። እህቴ 160 ሴንቲ ሜትር፣ ባለቤቷ 172 ናቸው። ለወንድ ልጅ የሁለቱ ድምር ላይ 13 ይጨመርና ለሁለት ይካፈላል፤ 172.5 ይመጣል። ይህ ግምት ብቻ ነው፤ ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሊሳሳት እንደሚችል አሰልጣኙ ራሱ ለወላጅ ይናገራል። ቢሆንም ዛሬ 143 የሆነው ልጅ ከፊቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ዕድገት ሊኖረው እንደሚችል ታውቆ የሚሰጠው ስልጠና ሌላ ነው፣ "አጭር ነው" ተብሎ የሚዘጋበት በር ሌላ ነው።

ደብተሩ ሌላም ጥቅም አለው። ልጅ በሚመዘዝበት ወቅት ሩጫና ዝላይ ሲበዛበት ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለው አጥንት ይቆጣል፤ ያብጣል፣ ሲነኩት ያማል። ብዙ ቦታ ይህ ልጅ "ሰነፈ" ይባላል። እዚህ ግን ቁመቱ በአንድ ወር ውስጥ ፈጥኖ የጨመረ ልጅ ካለ ዝላዩ ይቀነስለትና በኳስ ንክኪ ላይ እንዲሠራ ይደረጋል።

ከሁሉ የወደድኩት እሑድን ነው። በሥራ ቀን ልጆቹ በዕድሜያቸው ይሠለጥናሉ፤ እሑድ ግን ለጨዋታ የሚከፋፈሉት በደብተሩ ነው፣ ማለትም በዕድገት ደረጃቸው። የእንግሊዝ ክለቦች አካዳሚዎችም እንዲህ ከፋፍለው ውድድር ያዘጋጃሉ። አንድ ደንዳና የ12 ዓመት ልጅ አለ፤ ከእኩዮቹ ጋር ሲሆን ትከሻውን አስገብቶ ኳሷን ይዞ ይሄዳል። እሑድ ከ14 ዓመቶቹ ጋር ገባ። የመጀመሪያውን ኳስ እንደለመደው ገፍቶ ሊያልፍ ሲል ወደቀ፣ ሁለተኛውን ተቀማ። አሰልጣኙ ጨዋታውን አላስቆመም፤ በመስመሩ አጠገብ አብሮት እየተራመደ "ሳትደርስህ በፊት እይ! ሳትደርስህ በፊት!" ይለዋል። ከዕረፍት በኋላ ልጁ ኳሷ ሳትመጣለት አንገቱን ወዲህና ወዲያ ማዞር ጀመረ። በአንድ ንክኪ ሰጥቶ ወደ ክፍት ቦታ ሄደ፤ መልሰው ሰጡት። አባቱ ከጎኔ ቆሞ "ልጄን ከትልልቆች ጋር ለምን ያጋጩታል" እያለ ሲያጉረመርም ነበር። በዚያች ኳስ ጊዜ ዞር ብሎ "የሚቀጥለው እሑድም ከነሱ ጋር ነው?" አለኝ።

የእህቴ ልጅ በተቃራኒው ወደ ታናናሾቹ ወርዷል። መጀመሪያ ላይ ተከፍቶ ነበር። አሁን ግን በዚያ ቡድን ውስጥ ቅጣት ምት የሚመታው፣ ተከላካዮቹን "ውጡ፣ ውጡ" እያለ የሚያወጣው እሱ ነው። ከእኩዮቹ ጋር ሲሆን መስመር ላይ ተጣብቆ ኳስ እስኪደርሰው ይጠብቅ የነበረ ልጅ ነው።

ይህን የቁመት ጉዳይ ከወንድሜ ጋር በስልክ ስንከራከርበት ቆይተናል። ወንድሜ ካናዳ፣ ካልጋሪ ነው የሚኖረው፤ ልጁ እዚያ ተወልዶ በበረዶ ላይ የሚጫወቱትን ሆኪ ይጫወታል። እዚያ ወጣቶች የሚመረጡት በድራፍት ነው፤ ክለቦቹ ተራ ይዘው አንድ በአንድ ስም ይጠራሉ። የምዕራብ ካናዳው የወጣቶች ሊግ በ14 እና በ15 ዓመት ያሉትን ይመርጣል። ትልቁ ሊግ ኤንኤችኤል ደግሞ 18 ዓመት የሞላቸውን በ7 ዙር ይጠራል፤ ከዚያ በፊት ቁመትና ክብደት፣ የክንድ ርዝመት ሳይቀር ይለካል። ወንድሜ ልጁ አጭር ነውና ይጨነቃል። "አንተ የምታወራው ስለ እግር ኳስ ነው፣ እዚህ እኮ ይጋጫሉ" ይለኛል።

እውነቱን ነው፣ ይጋጫሉ። ሜዳው 61 ሜትር በ26 ሜትር ገደማ ነው፣ ዙሪያውን በግድግዳ ታጥሯል፤ ኳሱን የያዘውን በትከሻ መግጨት ሕጋዊ ነው። ኳስ ስል እነሱ ፓክ የሚሏትን ጠፍጣፋ ጎማ ማለቴ ነው። መሸሻ የለም። ልጆቹ ሳይጠነክሩ እንዳይጎዱ ካናዳ በ2013 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ከ13 ዓመት በታች ግጭቱን ከልክላለች። ግዙፍነት የሚጠቅምበት ስፖርት ካለ ይሄ ነው። 2.06 ሜትር የሚረዝመው ዝዴኖ ቻራ ተከላካይ ሆኖ ቦስተንን በአምበልነት እየመራ በ2011 የኤንኤችኤል ሻምፒዮን የሚሸለመውን ስታንሊ ዋንጫን አንሥቷል። በረኞቹም ዛሬ አብዛኞቹ ረጃጅሞች ናቸው፣ ጎሉን ይሸፍናሉ። ይህን አልክድም።

ግን እዚያው ካልጋሪ ምን ሆነ? ቲዮ ፍሉሪ 1.68 ሜትር ነበር። በ1987 ድራፍት 165 ልጆች ከእሱ በፊት ተጠሩ፤ በ1989 ከካልጋሪ ጋር ዋንጫውን ወሰደ፣ በዘመኑም ያገባውና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ ከ1,000 በላይ ነጥብ አስመዘገበ። ማርቲን ሴንት ሉዊስን ጭራሽ የጠራው ክለብ አልነበረም። 1.73 ሜትር ነው። በ2004 ከታምፓ ቤይ ጋር ሻምፒዮን ሆነ፣ በዚያው ዓመት የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፣ በ2018 ወደ ሆኪው የክብር አዳራሽ ገባ። ወንድሜን ዝም ያሰኘው ግን ሌይን ሃትሰን ነው። ይህ ልጅ በ2022 ለድራፍት ሲቀርብ ትንሽ ነው ተብሎ ነበር፤ የአጥንቱ ዕድሜ ከተወለደበት ዕድሜ ወደ ኋላ እንደቀረ፣ ገና እንደሚያድግ የሚያሳይ የሐኪም ወረቀት ይዞ ለክለቦቹ አሳየ። 61 ልጆች ቀድመውት ተጠሩ። ሞንትሪያል 62ኛ አድርጎ ወሰደው፤ የሞንትሪያል አሰልጣኝ በወቅቱ ማን ነበር ቢባል ያው ማርቲን ሴንት ሉዊስ ነው። በ2025 ሃትሰን የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆኖ ተሸለመ። ያ የሐኪም ወረቀት ከከዚራው ደብተር ጋር የሚናገረው ቋንቋ አንድ ነው፦ ዛሬ የት ነው ያለው፣ ምን ያህልስ ይቀረዋል?

ሌላም አለ። ሮጀር ባርንስሊ የተባለ የካናዳ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1985 ያሳተመው ጥናት፣ በከፍተኛ ሆኪ ቡድኖች ውስጥ በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱ ልጆች ከመጠን በላይ መብዛታቸውን አሳይቷል። የዕድሜ መቁጠሪያው ጃንዋሪ 1 ስለሆነ በጃንዋሪ የተወለደው በዲሴምበር ከተወለደው 11 ወር ይበልጠዋል፤ በ10 ዓመት ልጅ ላይ 11 ወር ብዙ ነው። ትልቁን ልጅ "ጎበዝ" ብለው ይመርጡታል፣ የተሻለ ስልጠና ይሰጡታል፣ በመጨረሻ እውነትም ጎበዝ ይሆናል። ያልተመረጠውስ?

እንግዲህ ሐኪም፣ መለኪያና ገንዘብ ያላቸው ሰዎች 18 ዓመት የሞላውን ልጅ፣ ትከሻ በሚጋጭበት ጠባብ ሜዳ ላይ ለማጫወት ሲመርጡ በቁመት ይህን ያህል ከተሳሳቱ፣ እኛ በ105 ሜትር በ68 ሜትር ሜዳ ላይ ለሚጫወት የ13 ዓመት ልጅ መስመር የምናሰምረው በምን ድፍረት ነው?

"በአካል ብቃት ተበለጥን" የሚለው ንግግር አገራችን ውስጥ ሥር ሰድዷል። በ2013 ደቡብ አፍሪካ ላይ ብሔራዊ ቡድናችን በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ሲሸነፍ ከዚራም መጋላም የተወራው ይኸው ነበር። ያው ቡድን፣ ያው ቁመት፣ ከአራት ቀን በፊት በረኛው በቀይ ካርድ ወጥቶበት በ10 ሰው ከወቅቱ የአፍሪካ ሻምፒዮን ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጥቷል። ድሬ ደግሞ ጥጥ ፋብሪካው ቡድን የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነባት፣ በ1976 የአፍሪካ ዋንጫ ሞሮኮና ናይጄሪያ፣ ዛየርና ሱዳን የተጫወቱባት ከተማ ናት። ኳስ የሚያውቅ ሕዝብ ነው ያለን። ልጆቻችንን ስንመርጥም እንደሚያውቅ ሰው እንምረጥ።

አሁን ጉድለቶቹን ልጻፍ። ደብተሩ አንድ ብቻ ነው። ቢጠፋ ወይም ውኃ ቢነካው የልጆቹ የዕድገት ታሪክ አብሮ ይጠፋል፤ በየወሩ በስልክ ፎቶ አንሥቶ ለየወላጁ መላክ ምንም ወጪ የለውም፣ ለአሰልጣኙም ነግሬዋለሁ። የልደት ቀንን በቃል ብቻ መቀበሉ ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። የዕድገት ስሌት ሁሉ የሚቆመው በትክክለኛ ዕድሜ ላይ ነው፤ አንድ ወላጅ ሁለት ዓመት ከቀነሰ ልጁ "ፈጥኖ ያደገ" ይመስላል፣ ሌሎቹም ልጆች ያላግባብ ከሚበልጣቸው ጋር ይወዳደራሉ። ፊፋ ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የአጥንት ዕድሜ ለማወቅ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ የምስል መሣሪያ የሚያስመረምረው ለዚህ ነው። እኛ ኤምአርአይ አያስፈልገንም፣ ወረቀት ማየት ይበቃናል።

በረኛ ሲመርጥ አሰልጣኙ ራሱ ያስተማረውን ይረሳል። ሁለቱም በረኞች ከረጃጅሞቹ የተወሰዱ ናቸው። 18 ዓመት ላይ ቢሆን እስማማለሁ፤ በ12 ዓመት ግን መዝለልና ኳስ መያዝ የሚወድ አጭር ልጅ ጓንቱን አጥልቆ መሞከር አለበት። ሌላው፣ ሴት ልጆች የሉም። ሴቶች በፍጥነት የሚያድጉት 12 ዓመት አካባቢ፣ ከወንዶቹ ቀድመው ነው፤ የራሳቸው ሰዓትና የራሳቸው ደብተር ቢኖራቸው የሚመጡ ተማሪዎች በኔ ክፍል ብቻ ሞልተዋል።

ለወላጅ የሚሆን ጥላ የለም። ጃንጥላ ያዙ። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥኑ ውስጥ ፋሻና አልኮል አለ፣ በረዶ የለም። ሜዳው አቧራ ነው፣ ከስልጠናው በፊት ግን ውኃ ይረጩታል። ኳሶቹ በቂ ናቸው፤ ትንንሾቹ በ4 ቁጥር፣ ትልልቆቹ በ5 ቁጥር ይጫወታሉ። መክፈል የማይችሉ ልጆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እነማን እንደሆኑ ግን ሜዳ ላይ አይታወቅም፣ ለዚህ አሰልጣኙን አከብረዋለሁ።

ስልጠናው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ነው፤ የድሬ ፀሐይ ከዚያ በኋላ ለልጅ አይሆንም። ልጃችሁ ዘንድሮ ዋንጫ ይዞ ፎቶ እንዲነሣ ከፈለጋችሁ ሌላ ቦታ ውሰዱት፤ እዚህ ውጤት አይቆጠርም። የምትመዘግቡት ከሆነ ሁለታችሁም ወላጆች ብትሄዱ ይሻላል፣ ትለካላችሁ። ባይጠይቋችሁም የልጁን የክትባት ካርድ ይዛችሁ ሂዱ፤ የተወለደበት ቀን በጤና ባለሙያ እጅ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። ካርዱ ከጠፋ የተከተበበትን ጤና ጣቢያ ጠይቁ፤ መዝገቡ ሊገኝ ይችላል።